የየካቲት ሽያጭ ለምን ወረደ? የዳታ ትንተና በአንድ የፒያሳ ኬክ ቤት

መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ዝቅ ብሎ በሚገኝ አንድ ኬክ ቤት ጥግ ይዤ ተቀምጬ ነበር። መደርደሪያው ላይ ያለው ቦምቦሊኖና የጾም ኬክ ብቻ ነው። የቡና ማሽኑ ይጮኻል፣ የወተቱ ጆግ ግን ደርቆ ተደፍቷል። የቤቱ ባለቤት ሥራውን ከሠላሳ ዓመት በላይ የመሩ ሴት ናቸው። ሁለት ወረቀት አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ፤ አንዱ የየካቲት 2016፣ ሌላው የየካቲት 2017 የሽያጭ ማጠቃለያ ነው። የሒሳብ ሠራተኛቸው በኤክሴል አሳምሮ ሠርቶታል፤ ከግርጌው ወደ ታች የሚያመለክት ቀይ ቀስት አለበት።

«ይኸው ልጄ፣ ቤቱ እየወረደ ነው። ከልጆቹ ሁለቱን ላሰናብት ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ከመወሰንዎ በፊት እስቲ ደብተሩን ያሳዩኝ» አልኳቸው።

ይህን የማነሳው የዳታ ትንተና የሚባለው ሥራ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ በእኛ ከተማ ደግሞ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚሰበር ለማስረዳት ከዚያ ጠረጴዛ የተሻለ ማሳያ ስለማላገኝ ነው። ዛሬ ዳታን መሠረት ያደረገ ውሳኔ የማይል የንግድ ስብሰባ የለም። ቃሉ በዝቷል፤ በቃሉ ምክንያት የሰው እንጀራ ሊቋረጥ እንደሚችል ግን ብዙ ሰው አያስብም።

በመስኩ የተለመደው አከፋፈል አራት ነው። ገላጭ ትንተና ምን ሆነ ብሎ ይጠይቃል። መርማሪ ትንተና ለምን ሆነ ይላል። ተንባይ ትንተና ቀጥሎ ምን ይሆናል፣ መፍትሔ ጠቋሚ ትንተና ደግሞ ታዲያ ምን እናድርግ ይላል። ጋርትነር የተባለው የአሜሪካ የጥናትና የማማከር ድርጅት እነዚህን አራቱን እንደ ደረጃ ደርድሮ ስላስተዋወቃቸው፣ ብዙ ሰው ከታች ወደ ላይ የሚወጣ መሰላል አድርጎ ያያቸዋል። እኔ ይህን ምስል አልወደውም። መሰላል ሲባል ክብሩ ለላይኛው እርከን ይሆናል፤ ሁሉም ወደዚያ ለመድረስ ይቸኩላል። ከሰንጋ ተራ የባንክ ሕንጻዎች እስከ ፒያሳ ሱቆች ሥራዬ ይዞኝ ስዞር ደጋግሜ የማየው ክፍተት ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። የሆነውን የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ፤ የሚሆነውን የማወቅ ጉጉትም አለ። ለምን እንደሆነ ተቀምጦ የመረመረ ሰው የማገኘው ግን አልፎ አልፎ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ገላጭ ትንተና ያለፈውን ሰብስቦ፣ ደምሮና አማካዩን አውጥቶ ማሳየት ነው። የካሽ ሬጅስተር ማሽኑ ማታ የሚያወጣው ዜድ ሪፖርት፣ የባንክ መግለጫ፣ የዱቤ ደብተር፣ የወሩ ማጠቃለያ ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ደብተር ይዞ የማያውቅ ነጋዴ እንኳ ሳያስበው የሽያጭ መዝገብ አለው፤ ስልኩ ውስጥ ቀኑ፣ ሰዓቱና መጠኑ ተጽፎ ተቀምጧል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ከአሥር ዓመት በፊት አንድ ሱቅ ጠዋትና ማታ ስንት እንደሚሸጥ ለማወቅ ሰው በር ላይ ማቆም ያስፈልግ ነበር።

ነገር ግን መደመር ቀላል ቢመስልም ወጥመድ አለው። አንደኛው ወጥመድ ብሩ ራሱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዱቄቱ፣ ቅቤው፣ ስኳሩ፣ የማሽኑ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ተነሣ። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለን ሽያጭ በብር አስቀምጦ ማነጻጸር በሁለት የተለያዩ ቁናዎች ሰፍሮ እህሉ ጨመረ እንደማለት ነው። «ገቢያችን በዚህን ያህል አደገ» የሚል ሪፖርት ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ኬክ፣ ስንት ኪሎ፣ ስንት ደንበኛ የሚለውን ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ማሽኑ በፈረንጅ ቀን ያትማል፣ ደብተሩ በእኛ ይጻፋል፤ ሁለቱን ሳያስማማ የሚደምር ሰው የሁለት ወር ሽያጭ ቆርጦ ቀጥሎ እንደ አንድ ወር ያነባል። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን መሆናቸው ለማነጻጸር ያመቻል፤ ይህ ከፈረንጁ የተሻለ ነው። ግን ሠላሳ ቀን አራት ሳምንት ከሁለት ቀን ነው፤ ስለዚህ በየወሩ ሁለት የሳምንቱ ቀናት አምስት አምስት ጊዜ ይመጣሉ። አምስት ቅዳሜና አምስት እሑድ ያለው ወር ለኬክ ቤት ሌላ ወር ነው። ጳጉሜንን ደግሞ እንደ ማንኛውም ወር ቆጥሮ «ሽያጩ ተንኮታኮተ» የሚል ቀይ ምልክት ያወጣ ዳሽቦርድ፣ ማለትም ቁጥሮችን በአንድ ገጽ ሰብስቦ የሚያሳይ ስክሪን፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወደ ጠረጴዛችን ልመለስ፤ ዋናው ጉዳይ እዚያ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛው ለቅናሹ ምክንያት አግኝቻለሁ ብሎ ነበር። በጥር ወር የተቀጠረች አዲስ አስተናጋጅ አለች። ሽያጩ የወረደው እርሷ ከመጣች ወዲህ ነው፣ ስለዚህ ደንበኛ ያባረረችው እርሷ ናት። ከሚሰናበቱት ሁለት ሰዎች አንዷም እርሷ ነበረች። ልጅቱ ይህን ሁሉ ሳታውቅ ሻይ አምጥታልን፣ ጠረጴዛውን ወልውላ ሄደች። አንዱ ነገር ሌላውን ተከትሎ ስለመጣ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ወለደው ማለት በዳታ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ አቅም የሌለው ሰው ነውና።

ግድግዳው ላይ የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። አውርደን የሁለቱን ዓመታት የካቲት ቀን በቀን ቆጠርን። በ2016 ሁዳዴ የገባው መጋቢት 2 ቀን ነው። ስለዚህ በዚያ ዓመት የካቲት የጾም ቀን የነበሩት ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም ጾመ ነነዌ ብቻ ናቸው፤ በድምሩ 11 ቀን። በ2017 ግን ሁዳዴ የካቲት 17 ቀን ገባ። ነነዌም እዚያው የካቲት ውስጥ ወደቀች። ሁሉም ሲደመር 20 ቀን ሆነ። ፍስክ የሆነው ቀን ከ19 ወደ 10 ወርዷል ማለት ነው። ትርፉን ከክሬም ኬክና ከማኪያቶ ለሚያገኝ ቤት ይህ እኩሌታ ያህል ገበያ ነው። በዚያ ላይ ረመዳን በ2016 ልክ እንደ ሁዳዴው መጋቢት 2 ቀን ጀምሮ ነበር፤ በ2017 ግን የካቲት 22 ስለገባ የወሩ የመጨረሻ ዘጠኝ ቀናት የሙስሊም ደንበኞችም ቀን ቀን የማይመጡበት ሆነ።

እትዬ ጣታቸውን ከቀን መቁጠሪያው ላይ ሳያነሡ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ይህንንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ግን የለም» አሉ። ይህን ንግግራቸውን አልረሳውም። ሠላሳ ዓመት የጾሙን መግቢያ እያዩ ወተት ያዘዙ ሴት፣ ቀይ ቀስት ያለበት ወረቀት ፊታቸው ሲቀመጥ የራሳቸውን እውቀት ተጠራጠሩ። ብዙ ድርጅት ውስጥ የማየው ይህንኑ ነው። መርማሪ ትንተና ማለት ከቁጥሩ ውጭ ያለውን እውቀት ወደ ቁጥሩ ማስገባት ነው፤ የሚገኘውም ከአስተናጋጁ፣ ከዘበኛው፣ ከጋጋሪው ነው።

ግን እዚህ ላይ ማቆም ደግሞ ሌላ ስሕተት ይሆን ነበር። አንድ ደስ የሚያሰኝ ምክንያት ሲገኝ ፍለጋውን መተው ይቀናናል። የቶዮታው ታኢቺ ኦኖ ለአንድ ችግር «ለምን?» የሚለውን አምስት ጊዜ ጠይቁ የሚለውን ልማድ ያስፋፋው ለዚህ ነው። ስለዚህ ቀጠልን። የፍስክን ቀን ከፍስክ ቀን ጋር፣ የጾምን ከጾም ጋር አስተያየን። ብሩን ትተን የተሸጠውን ፍሬ ቆጠርን። ይህን ስናደርግ አብዛኛው ቅናሽ ጠፋ። ሁሉም ግን አልጠፋም፤ በፍስኩም በጾሙም ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ሽያጩ ከአምናው አንሷል። ከምሳ በኋላ ምንም ለውጥ የለም።

አዲሷ አስተናጋጅ የምትገባው ከሰዓት ነበር። በጠዋቱ ጉድለት እጇ የለበትም።

ታዲያ ጠዋቱን ምን ነካው? መልሱን የሰጠን ደብተር አልነበረም፤ በር ላይ የሚቀመጠው መኪና ጠባቂ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ መንደሮች ሲነሡ፣ ጠዋት ጠዋት ቦምቦሊኖና ሻይ ይዘው ወደ ሥራ የሚያልፉት ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። ታክሲ የሚያወርድበትም ቦታ ራቅ ብሏል። አሁን ሰፈሩን የሚሞላው ከሰዓት በኋላ በሰፊው የእግረኛ መንገድ ሊንሸራሸር የሚመጣ ሰው ነው። ደንበኛው ሌላ፣ ሰዓቱም ሌላ ሆኗል። ይህ ከጾሙ ይልቅ ለቤቱ የሚያሳስብ ምክንያት ነው፤ ጾሙ ይፈታል፣ የሄደው ሰፈር ግን ተመልሶ አይመጣም። አንዱ ወረቀት ላይ «ቀነሰ» ተብሎ የተጻፈው ነገር ሲፈተሽ አንዱ የሚያልፍ፣ ሌላው የሚቀር ሁለት ነገር ሆኖ ተገኘ። መድኃኒታቸው አንድ ሊሆን አይችልም።

ሚያዝያ ሲመጣ ደግሞ ተቃራኒው እንደሚሆን ያኔውኑ ነገርኳቸው። በ2016 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ስለሆነ የሚያዝያ ፍስክ አራት ቀን ብቻ ነበር። በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ስለሚውል ፍስኩ 19 ቀን ይሆናል። ቀዩ ቀስት አረንጓዴ ይሆናል። ያን ጊዜ «ሥራችን አንሠራራ» ብሎ ሁለት ሰው መቅጠርም አሁን ሁለት ሰው ከማሰናበት ያልተናነሰ ስሕተት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ስለ ተንባይ ትንተና መናገር የሚቻለው። ተንባይ ትንተና ካለፈው ዳታ ውስጥ ንድፍ ፈልጎ የወደፊቱን በይሆናል መጠን ይገምታል። በከተማችን በሰፊው የሚሠራበት ቦታ ብድር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. ያስጀመረውን ቴሌብር መላን የመሰሉ አነስተኛ ብድሮች ቤትና ካርታ ሳይጠይቁ የሚሰጡት፣ ሰውየው በስልኩ ገንዘብ እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ተመልክቶ ይመልሳል ወይስ አይመልስም የሚለውን ኮምፒውተር ስለሚገምት ነው። መያዣ ለሌለው ትንሽ ነጋዴ ይህ የተዘጋ በር መከፈት ነው፤ ከልቤ ደስ የሚለኝ ነገር ነው። ግምቱ ሲሳሳት ግን የተከለከለው ሰው ለምን እንደተከለከለ የሚነግረው ማግኘት አለበት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን ዳታ መሰብሰብና መጠቀም በሕግ የሚገዛ ሥራ ሆኗል፤ የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር በኤክሴል የያዘ ካፌም ጉዳዩ ይመለከተዋል።

የትንበያ ትልቁ ድክመት ነገ ትናንትን ይመስላል ብሎ መነሣቱ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት ባለው ዋጋ የሠለጠነ ሞዴል፣ ማለትም ካለፈው ዳታ ተምሮ የሚገምት የኮምፒውተር ስሌት፣ ከሐምሌ በኋላ ያለውን ገበያ አያውቀውም። ነዋሪው ሳይነሣ በተሰበሰበ የጠዋት ሽያጭ የተሠራ ግምት የዛሬዋን ፒያሳ አያውቃትም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቅርንጫፍ የት ልክፈት የሚል ባንክ በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የዛሬን ሰፈር ቢገምት ከሌለ ሰው ጋር ይመክራል። እንዲህ ባለ ጊዜ አጭሩና የቅርቡ ዳታ ከረጅሙና ከአሮጌው ይሻላል።

በአንጻሩ ደግሞ እጃችን ላይ ያለ፣ ከውጭ የሚገዛ ሶፍትዌር የማያውቀው አስተማማኝ ነገር አለ፤ የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫ ስሌት የሆነው ባሕረ ሐሳብ። ነነዌ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21፣ ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5፣ ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚውል፣ በየትኛው ዓመት በየትኛው ቀን እንደሚሆን መቶ ዓመት አስቀድሞም አስልቶ መናገር ይቻላል። ለወተት፣ ለሥጋ፣ ለእንቁላል፣ ለቅቤ፣ ለሽሮና ለዘይት ነጋዴ ከዚህ የበለጠ እርግጠኛ የፍላጎት ምልክት የት ይገኛል? ሆኖም በብዙ ገንዘብ ተገዝቶ የመጣ የትንበያ ሥርዓት ውስጥ የጾም ዓምድ ሳጣ ያሳዝነኛል። ሞዴሉ ገናን በፈረንጅ ታኅሣሥ 25 አድርጎ ይጠብቃል፤ እኛ ግን ታኅሣሥ 29 እናከብራለን። ይህን የሚያስተካክል ባለሙያ በከተማችን ሞልቷል፤ የሚያዝዘው ሰው ነው የጠፋው።

አራተኛው፣ መፍትሔ ጠቋሚው ትንተና፣ ከሁሉ የረቀቀ ተደርጎ ስለሚነገር ሰዎች ይፈሩታል። መሠረቱን ግን በወረቀትና በእስክርቢቶ እትዬ ፊት ሠርተነዋል። በመስኩ የጋዜጣ ሻጩ ጥያቄ ይባላል። አራት ኪሎ የሚቆም ጋዜጣ ሻጭ ጠዋት ስንት ቅጂ ይውሰድ? ብዙ ከወሰደ ያድርበታል፣ ትንሽ ከወሰደ ገዢ ይመለስበታል። ኬክም እንደዚያው ነው። ለምሳሌ ያህል 60 ብር ወጥቶበት 100 ብር የሚሸጥ ኬክ እንውሰድ። ከተሸጠ 40 ብር ያተርፋል፣ ካደረ 60 ብር ይከስራል። 40ን ለሁለቱ ድምር፣ ለ100፣ ብናካፍለው 0.4 እናገኛለን። ትርጉሙ ከአሥር ቀን በአራቱ የሚበቃ፣ በስድስቱ ግን ቀድሞ የሚያልቅ መጠን ጋግሩ ማለት ነው።

እትዬ ይህን አልተቀበሉትም። «በስድስት ቀን መደርደሪያዬ ባዶ ሆኖ ሰው ይመለስ? ነውር ነው። ዛሬ የለም ያልኩት ሰው ነገ አይመጣም» አሉ።

ልክ ናቸው። ከስሌቱ የጎደለው ያ ነበር። ደንበኛ ተመልሶ ሲሄድ የሚታጣው የዛሬው 40 ብር ብቻ አይደለም። «ለዚያ ቅር ለሚለው ደንበኛ ስንት ብር እንመድብለት?» አልኳቸው። አስበው 20 ብር አሉ። የጉድለቱ ዋጋ 60፣ የማደሩም ዋጋ 60 ሆነ፤ ውጤቱ ወደ እኩሌታ ወጣ። ከሁለት ቀን በአንዱ የሚያልቅ መጠን ይጋገር ተባለ። ነውርን በብር መመንዘር ለእኔም ከብዶኝ ነበር፤ ነገር ግን ሳይመነዘር ሲቀር ስሌቱ እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል፣ ይህ ደግሞ የባሰ ነው። የቤቱን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ሳይኖርበት የወጣ መፍትሔ በዚህ ምክንያት ብቻ ሊጣል ይችላል።

የዚያን ቀን የተወሰነው እንዲህ ነበር። ማንም አይሰናበትም። የወተት ትእዛዙ በቀን መቁጠሪያው መሠረት አስቀድሞ ለአቅራቢው ይነገረዋል፤ እርሱም ላሞቹን የሚያልበው በየቀኑ ነውና ለቅቤና ለዓይብ ያቅድበታል። ከጠዋቱ ሠራተኞች አንዷ ወደ ከሰዓት ትዛወራለች፣ ቤቱም ማታ ከወትሮው አንድ ሰዓት ጨምሮ ክፍት ይሆናል። ደብተሩ ላይ ደግሞ ሦስት ዓምድ ተጨመረ፤ ጾም ወይስ ፍስክ፣ መብራት ነበረ ወይስ ጠፋ፣ ዝናብ ዘነበ ወይስ አልዘነበም። የምትሞላቸው አዲሷ አስተናጋጅ ናት። ጽሕፈቷ ያምራል።

ዘንድሮ በ2018 ሁዳዴ የካቲት 9 ገብቶ የወሩ የጾም ቀናት 24 ሲደርሱ፣ የየካቲት ማጠቃለያ ከ2017ም በታች ወረደ። እትዬ ወረቀቱን አይተው አልደነገጡም፤ ደብተሩን ገልጠው የፍስኩን ቀናት ብቻ ለይተው አሰሉ። በ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል ሁዳዴ የሚገባው የካቲት 29 ነው፤ የየካቲት የጾም ቀናትም ወደ 12 ይወርዳሉ። ይህንን ቁጥር አሁኑኑ በሚመጣው ዓመት ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቀይ እስክርቢቶ አስጽፈውታል።